የመኪና ሽፋን ቀለሙን እንዳይጎዳ፦ አለባበስ፣ አነሳስና አጠባ

[ምስል፦ አቧራ የጠገበ ጥቁር ኮሮላ። ሁለት እጆች ሽፋን እየጎተቱ ያለብሱታል።]

መኪናውን ከፀሐይ ለማዳን ብሎ አቧራው ላይ ሽፋን የሚጎትት ሰው ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ነው። አቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት ከመኪና ቀለም ይጠነክራል። ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ክሊር ደግሞ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ አንድን ሚሊሜትር ሃያ ቦታ ከፍላችሁ አንዱን ድርሻ እንደመውሰድ። ጨርቁ ሲንሸራተት ቅንጣቱም አብሮ ይንሸራተታል፣ ጭረቱ ይቀራል። ስለዚህ ሽፋን የሚለብሰው የታጠበና የደረቀ መኪና ብቻ ነው።

ይህን ማድረግ ያልቻለ ሰው ባያለብሰው ይሻላል። በየቀኑ የምትነዱትን መኪና ለአንድ ሰዓት መንገድ ዳር ስታቆሙ የፊት መስታወት መከለያ ይበቃችኋል። ሽፋን የሚያስፈልገው ደጅ ለሚያድርና ለቀናት ለሚቆም መኪና ነው፤ እዚያ ላይ ጥቅሙ ትልቅ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጣሪያና የኮፈን ቀለም ከበሮቹ ቀድሞ የሚደበዝዘው፣ ዳሽቦርድም የሚሰነጠቀው በዚህ ጨረርና በሙቀቱ ነው።

[ምስል፦ ሁለት ዓይነት ጨርቅ በቅርበት]

በርካሽ የሚሸጠው ብርማ ሽፋን ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ዝናብ አያስገባም፤ እንፋሎትም አያስወጣም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ውሃ ያልበዋል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ያ እርጥበት መውጫ አጥቶ ቀለሙ ላይ ይታፈናል። ክሊሩ ላይ የውሃ ነጠብጣብ፣ የበር ጎማ ላይ ሻጋታ፣ ቀድሞ በተላጠ ቦታ ላይ ዝገት የሚጀምረው እንዲህ ነው። የሚፈለገው ውሃ የሚመልስ፣ እንፋሎት የሚያሳልፍ፣ ውስጡ ለስላሳ ገበር ያለው ጨርቅ ነው።

እንፋሎት ማሳለፉን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። የሽፋኑ መያዣ ከረጢት ብዙ ጊዜ ከዚያው ጨርቅ የተሰፋ ነው። ፍል ውሃ የያዘ ብርጭቆ አፍ ላይ አንዱን የከረጢቱን ገጽ ብቻ ወጥራችሁ ክደኑ፣ ከላዩ ደረቅ ብርጭቆ ድፉበት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ብርጭቆ ውስጡ ጉም ከያዘ ጨርቁ ይተነፍሳል። ደረቅ ሆኖ ከቀረ ፕላስቲክ ገዝታችኋል።

ልኩም ቀላል ነገር አይደለም። ኮሮላ ሴዳን 4.5 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ቪትዝ ከ4 ሜትር በታች ነው። የኮሮላው ሽፋን ቪትዝ ላይ ሲለብስ ትርፉ በነፋስ ይርገበገባል፤ ሌሊቱን ሙሉ ስፖኪዮውንና የበሩን ጠርዝ ሲፈገፍግ ያድራል።

[ምስል፦ ሁለት ሰዎች ጥቅሉን ጣሪያ ላይ ሲያስቀምጡ]

ወደ አለባበሱ እንሂድ። መጀመሪያ ሞተሩና ማርሚታው ይቀዝቅዙ፤ ትኩስ ማርሚታ የነካው ጨርቅ ይቀልጣል። አንቴናውን ፍቱ ወይም አውርዱ፣ ስፖኪዮዎቹን እጠፉ። ጥቅሉን ጣሪያው መሃል አስቀምጡና የፊቱን ጫፍ ወደ ኮፈን፣ የኋላውን ወደ ኋላ ዘርጉ። ከፊት ባምፐር ሥር ላስቲኩን አስገቡ፣ ቀጥሎ ከኋላ፣ በመጨረሻ ጎንና ጎኑን ጣሉ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው፤ ጨርቁ ቀለሙ ላይ መጎተት የለበትም።

በሆዱ ሥር የሚያልፈውን ማሰሪያ አትዝለሉ። መሬት ላይ መተኛት ካልፈለጋችሁ ጫፉን እስከ ግማሹ ውሃ በተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ እሰሩና ጠርሙሱን ወደ ማዶ አንከባሉት። ማሰሪያው ሲጠብቅ ከሥሩ ሁለት ጣት ማስገባት ከቻላችሁ ልክ ነው። ጣሪያ ላይ ድንጋይ መጫን ወይም በላዩ ገመድ መጠምጠም ግን ጨርቁንም ቀለሙንም ይበላል።

አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ቢያንስ አንድ ወር ሳይለብስ ይቆይ፤ ከቀለሙ የሚወጣው ቲነር መውጫ ይፈልጋል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ሽፋኑን አንሥታችሁ አንድ ሁለት ሰዓት አናፍሱት። ስስ ሽፋን በረዶን እንደማይችል እወቁ። መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ በየጊዜው ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን እዩ፤ ጨለማውና ጸጥታው ለአይጥ ይመቻል፣ አይጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦ ትቆርጣለች።

[ምስል፦ ጎኖቹ ወደ ጣሪያ ሲታጠፉ፣ በዝግታ]

ሽፋን ማንሣት ከማልበስ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አሁን አቧራው ላዩ ላይ ነው። ከአንድ ጥግ ይዛችሁ አትሳቡት። ሁለቱን ጎኖች አንሥታችሁ ጣሪያው ላይ እጠፉ፤ አቧራማው ገጽ ከአቧራማው ጋር ይገናኛል። ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ ጠቅልሉት። ከላይ የሚታየው ንጹሑ ገበር ነው፣ ነገም ቀለሙን የሚነካው እሱ ነው። መሬት ላይ ከወደቀና ገበሩ አሸዋ ከያዘ ሳይታጠብ መኪናው ላይ አይመለስ።

አጠባው ቀላል ነው። በበጋ አቧራው ሲበረታ በወር አንዴ ገደማ አራግፉት፣ በቱቦ ውሃ አለቅልቁት፣ 10 ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ በስፖንጅ እሹት። በረኪና ክሩንና ስፌቱን ያደክማል። የዱቄት ሳሙና በደንብ ካልሟሟ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፤ የቀረ ሳሙና ደግሞ ጨርቁ ውሃ እንዳይመልስ ያደርጋል። ስለዚህ የሚወርደው ውሃ አረፋ እስኪያጣ ድረስ አለቅልቁት። የወፍ ኩስ ካለበት እርጥብ ጨርቅ 10 ደቂቃ አሳርፉበት፣ ሳትፍቁ ይለቃል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ከረጢት ውስጥ አይግባ፤ በሁለት ቀን ይሻግታል።

[ምስል፦ አንድ ኩባያ ውሃ ጨርቁ ላይ ሲፈስ]

ከታጠበ በኋላ ውሃ ጣል አድርጉበት። እንክብል ሆኖ ከተንከባለለ ገና አገልግሎት አለው። ወዲያው ከጠጣው፣ ወይም የጨርቁ ብርማ ቅብ እየተላጠ እጃችሁ ላይ ዱቄት ከተወ፣ ፀሐይ ጨርሶታል፤ ያንን የሚመልስ እጥበት የለም።