ቦይ ውስጥ የተገኙ ፊቶች

ክቡራን እንግዶች፣ የሰፈሬ ሰዎች፣ ሰዓሊ ጓደኞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለ ዘመናዊ ሥነ ጥበብና ስለ ዲዛይን እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን የከነከነኝን ልተንፍስ።

እዚህ ግድግዳ ላይ ያሉትን ፎቶዎች የሰጠኝ ሰው የለም። ባሕር ዳር ውስጥ ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ክርስትና፣ ስንቱን ተመራቂ ያነሳ አንድ ፎቶ ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ ሲያርፉ ቤቱ ለሞባይል መሸጫ ተከራየ። የፊልም ሳጥኖቹ ደጅ ወጡ። ቆራሌው መጣ። የፈለገው ቆርቆሮውን ነው፤ ውስጡ ያለውን ቦይ ላይ ገልብጦ ሄደ። በክረምት!

እኔ ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። ግማሹ ፊልም ተጣብቋል። ምስሉን የሚይዘው ጄላቲን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ከጎኑ ካለው ጋር ይጣበቃል። በግድ ካላቀቃችሁት ፊት ተልጦ ይወጣል። የተረፈውን በንጹህ ውሃ አጥቤ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀልኩት። አንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳኋት። ሴት ናት። ኔጋቲቭ ነውና ነጭ ቀሚሷ ጠቁሯል፣ ሹሩባዋ ነጥቷል። ጉንጯ ላይ በቀጭን እርሳስ ተነካክቷል፤ ፎቶ አንሺው ማድያቷን አጥፍቶላት ነው። ከኋላዋ መጋረጃው ላይ ጢስ ዓባይ ተስሏል። ፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እሷ ግን በተረከዝ ጫማዋ ፊቱ ቆማለች። ይህን ሥራ ነው ቦይ ውስጥ የጣልነው!

ማስቀመጫ ቦታ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው "ታዋቂ ሰው አለበት?" አለኝ። ታዋቂ ሰው! እናቶቻችን ናቸው ያሉበት፣ ጌታዬ! ለግማሽ ቀን ስብሰባ ባነር የሚያሳትም ቢሮ ለአንድ መደርደሪያ ቦታ አጣ!

የማሊው ፎቶ አንሺ ሰይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ላይ ስቱዲዮ ከፈተ። የመጀመሪያው መጋረጃው የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር። በ1991 ፎቶዎቹ ኒውዮርክ ላይ ሲታዩ ያነሳው ሰው አይታወቅም ተባለ። ሰውየው እኮ ባማኮ ቁጭ ብሏል! ፈልገው አገኙት፤ ዛሬ ሥራው በትልልቅ ሙዚየሞች ይታያል። መጋረጃውን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይር ስለነበር ፎቶው የተነሳበትን ዘመን የሚለየው በመጋረጃው ነበር። እኛም ጢስ ዓባይ ያለበት መጋረጃ መቼ እንደተሰቀለ የሚያስታውስ አንድ ሰው ብናገኝ የግማሹን ግድግዳ ዘመን እናውቅ ነበር።

ቶማስ ሶቫን የሚባል ፈረንሳዊም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ቤጂንግ ውስጥ፣ ፊልሙ ላይ ያለው የብር ማዕድን ተለይቶ ሊወጣላቸው የተሰበሰቡ የሰው ኔጋቲቮችን በኪሎ እየገዛ አተረፋቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ኤግዚቢሽን ይታይባቸዋል። ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ምንድን ነው ለምትሉኝ፣ ይኸው አንዱ። ቆሻሻ ሰብሳቢ ለምትሉኝም መልሴ ያው ነው።

ስለ ዲዛይን አጭር ነው፤ በእጅ የተጻፉትን የሱቅ ታፔላዎቻችሁን አትጣሉ። ባነር ፀሐይ ሲበላው ታዩታላችሁ።

በሩ ጋ ጠረጴዛ ላይ የታተሙ ፎቶዎች አሉ። የምታውቁት ሰው ካለ በጀርባው ስሙን ጻፉልኝ። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል። ቤታችሁ ኔጋቲቭ ካለ ከወለል አንሱት፣ የጣና እርጥበት አይምረውም። ልትጥሉት ካሰባችሁ ደግሞ ደውሉልኝ፤ በሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ።