ቀዩ አክርማ ሲዘል

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነው። ብርዱ አይጣል ነው፤ ጋቢዬን ደርቤ ነው የማወራችሁ።

በቀደም ጣርማበር ነበርኩ። ጉሙ ገደሉን ሸፍኖታል። ገለጥ ሲል ወደ ደብረ ሲና በኩል ተራሮቹ በየተራ ብቅ አሉ። ቅርቡ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። ቀጥሎ ያለው ሳሳ ይላል። የመጨረሻው ከሰማዩ ለመለየት ያስቸግራል።

ቤት ገብቼ ሸራ ላይ አምስት አግድም ሰማያዊ መደቦች ቀባሁ። በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጌ። ከታች ጠቆር ያለው፣ ወደ ላይ እየፈዘዘ። ተራራ ልስል አልነበረም፤ የፈለግኩት ቀለም ብቻ ነው። ያየው ሰው ሁሉ ግን "ጣርማበር ነው አይደል?" አለኝ። አንድም ጎበጥ ያለ መስመር የለበትም እኮ!

ሌላ ሸራ ላይ ገለበጥኩት፤ ፈዛዛው ታች፣ ጥቁሩ ላይ። ተራራው ጠፋ። ጥልቀቱ ግን አልጠፋም። ጥቁሩ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወደ እኔ መጣ፣ ፈዛዛው ከሥሩ ራቀ።

ጣሊያናዊው አልበርቲ በ1435 ሥዕልን ከተከፈተ መስኮት ጋር አመሳስሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሠዓሊዎች ርቀትን በመስመር አስልተው ሠርተዋል። የአብስትራክት ሠዓሊዎች፣ ማለትም የነገር ምስል ትተው በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚሠሩት፣ መስኮቱን መዝጋት ፈለጉ። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ጆሴፍ አልበርስ ነው። ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የኖረ ሰው ነው። ከ1950 ጀምሮ በ1976 እስኪሞት ድረስ ካሬ ውስጥ ካሬ ሣለ፤ ከአንድ ሺህ በላይ! ቀለሙን በአብዛኛው ከቱቦው እንደወጣ፣ ሳይቀላቅል፣ በቢላ ይቀባዋል። ካሬዎቹ መሃል ላይ አይደሉም፤ ወደ ታች ዝቅ ብለዋል። በካሬዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከታች አንድ እጅ ከሆነ በጎንና ጎን ሁለት ሁለት፣ ከላይ ሦስት ነው። ትንሽ ቆም ብላችሁ ስታዩት መሃሉ ወደ ውስጥ እንደ ኮሪደር ይገባል። መልሳችሁ ስታዩት ወደ እናንተ ይወጣል። ጣውላው ግን ጠፍጣፋ ነው። ጥልቀቱን የሚሠራው ዓይናችን ነው፤ መስኮቱም የሚዘጋ አይመስለኝም።

ይሄን ሳስብ መንዝ ያለችው አያቴ ትዝ ትለኛለች። ሰፌድ ስትሰፋ፣ ወስፌዋን ይዛ ራቅ አድርጋ ታየዋለች። "ቀዩ ዘለለብኝ፤ ዳሩን በጥቁር ልያዘው፣ ይተኛ" ትላለች። አክርማውን ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ስለ ቀለም ከዚህ የተሻለ ትምህርት የሰጠኝ የለም።

አሁን ሦስተኛ ሸራ ጀምሬያለሁ። መሃሉን መደብ በቀይ ቀባሁት፤ ዳሩን እንደ እሷ በጥቁር ያዝኩት። ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ሳቆመው ይተኛል። ማታ አምፖል ሳበራ ተነስቶ ይጠብቀኛል።