«ዋልያው በዛ?»

ተቀዳ? እሺ፣ ይቀዳል። ሰላም ናችሁ። ሲንኳኳ ብትሰሙ ሲኒዬ ነው። ድመቷ አይደለችም፤ የእሷ ጉዳይ ገና በሽምግልና ላይ ነው።

ባለፈው ስለ «30 በ30» ሳወራ ሰምታችኋል። በፈረንጆቹ 2022 ሞንትሪያል ላይ፣ እስከ 2030 ከየብሱም ከባሕሩም 30 በመቶውን ለተፈጥሮ ብለን እንጠብቃለን የተባለበት ስምምነት። አጨብጭቤለት ነበር። አሁንም እደግፈዋለሁ። እደግፈዋለሁ… ግን ከደባርቅ ከተመለስኩ ወዲህ አልዋጥ ብሎኛል።

እዚያ ያየኋቸው እናት ለፓርክ ተብሎ ከግጭ የተነሱ ናቸው። ስሜን ተራሮች ፓርክ መሀል ከነበረው መንደር። ፓርኩ በፈረንጆቹ 1978 ዩኔስኮ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነው፣ ከላሊበላ እኩል። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተመደበ፤ እርሻና ግጦሽ በዛ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ተመናመኑ ተብሎ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ግጭ ከተነሳ በኋላ።

ቤታቸው ገባን፤ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሰፌድ ይዘው ገብስ ይለቅማሉ። አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩና «ይሄ የከረመ ነው» አሉ። «ገብስ በጣሳ እገዛለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ።» ዝም አልኩ፤ ምን ይባላል? ከዚያ ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ ዋልያው በዛ?»

በዛ ወይ ነው ያሉኝ። ሽሙጥ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሽሙጥ የለበትም። ስለ ጎረቤት ልጅ ደኅንነት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁኝ። እኔ አፌን ሳላላቅቅ የልጅ ልጃቸው ቀደመኝ፤ ቱሪስት ነው የሚያስጎበኘው። «አይ እማ፣ እንዲያውም አልቋል።» እውነቱን ነው፤ በዚህ አሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወርዷል። ጦርነቱ አለ፣ አደኑ አለ። ከስሜን በቀር ደግሞ ዓለም ላይ የትም የለም፤ በአጥር ውስጥ የሚራባ እንኳን የለም።

«ታዲያ እኛን…» አሉ። አልጨረሱትም። ሰፌዱን አንስተው ማበጠር ቀጠሉ።

በነገራችን ላይ፣ ብሔራዊ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» መባሉን አስባችሁት ታውቃላችሁ? ሲሸነፉ አገር ያለቅሳል። እሺ፣ ሲሸነፉ እንኳ ማልቀስ ትተናል። ዋናው ዋልያ ሲያልቅ ግን ማን…

ተዉት። «ግጭ ባይነሳ ኖሮ» እላለሁ ደግሞ። ሣሩ ተግጦ መሬቱ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ልጁም እንጀራው ከፓርኩ ነው፤ ፓርኩ ከሌለ ምን ሊበላ? ካሳም ተከፍሏቸዋል። ተከፍሎም አልቋል። ስምምነቱ ላይ የአካባቢው ሕዝብ መብት ይከበር ይላል፣ አንብቤዋለሁ። ለድሃ አገሮችም በዓመት 20 ቢሊዮን ዶላር እስከ 2025፣ በ2030 ደግሞ 30 ተብሏል። ከዚያ ውስጥ አንዲት ጣሳ ገብስ ደባርቅ ትደርሳለች? ወይስ እኔ የማይገናኝ ነገር እያገናኘሁ ነው? ሊሆን ይችላል።

ለልጁ እደውላለሁ ብዬው ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር እንጃ። የዋልያው ቆጠራ ሲደገም ንገረኝ ልበለው? እሱስ ለእሳቸው… እሺ። ለሳምንት ስለ… አይ፣ ሳምንትም እንጃ።