«ሲስተር፣ ትንሽ አየር ልቀበል»

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም። ከኋላ የባጃጅ ጩኸት ብትሰሙ ቻሉኝ። መስኮት ዘግቶ መቅዳት በሐዋሳ ሙቀት የሚሞከር አይደለም።

ርዕሴ ሲጋራ ነው። ቆይ፣ ቆይ፣ አትዝጉት! «ሲጋራ ይገድላል» ልላችሁ አይደለም የተቀመጥኩት። እሱን የሚያጨሰው ሰው ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ፓኮው ላይ በፎቶ ታትሞለታል። የማወራው ስለ ሆስፒታል ነው። ስለ ታካሚው፣ ስለ አስታማሚው፣ ስለ እኛ ስለ ሠራተኞቹም።

አዲስ የገባችሁ ካላችሁ፣ ነርስ ነኝ። የምሠራው ውስጥ ደዌ ክፍል ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ግቢ ጣጣ አይደለም፤ ሌላ ከተማ የሚሠሩ ጓደኞቼም የሚያወሩኝ ይህንኑ ነው።

እኛ ክፍል አንድ የታወቀ አነጋገር አለ። «ሲስተር፣ ትንሽ አየር ልቀበል።» ይህን ያለ ታካሚ ካኑላው፣ ማለትም መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ፣ እጁ ላይ እንዳለ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ላውንድሪው ጀርባ። አንሶላ የሚሰጣበት ሽቦ አለ። ከሽቦው ወዲያ የተሰባበሩ አልጋዎች የተከመሩበት ጥግ አለ። መሬቱን ብታዩት የሲጋራ ቁራጭ ብቻ ነው። አየር የሚቀበሉት እዚያ ነው እንግዲህ።

እዚያ ያገኘኋቸው አንድ አባት ነበሩ። የሳንባ ሕመምተኛ ናቸው። ሌሊቱን ኦክስጅን ላይ ነው ያደሩት። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ አልጋ ብረት ላይ ተቀምጠው ያጨሳሉ። እሳቱን መዳፋቸው ውስጥ ደብቀውታል፤ የድሮ ወታደር አያያዝ። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ መንገድ ይጠብቃል። እኔን ሲያይ ልጁ ክው አለ። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸው።

«የኔ ልጅ፣ አትቆጪኝ» አሉኝ።

«አልቆጣዎትም አባባ። ሌሊት እንዴት አደሩ?»

«ምን ማደር አለ? ልቤ ወጥታ ልትሄድ ነበር እኮ። ይቺን ሳላገኝ ነጋ።»

ተመልሼ ቻርታቸውን ገለጥኩ። የሌሊቱ ማስታወሻ «ታካሚው አይተባበሩም፤ ኦክስጅኑን ይነቅላሉ፤ ወደ ቤቴ ልሂድ ይላሉ» ይላል። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። የጎደለው ምክንያቱ ነው።

ኒኮቲን ጭሱ ከተሳበ ከ10 ሰከንድ ገደማ በኋላ አንጎል ላይ ነው። ከደም ለመውጣትም አይቸግረውም፤ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጨስ የኖረ ሰው አልጋ ይዞ ሲያድር፣ ሊነጋጋ ሲል ሰውነቱ ባዶውን ነው። ይነጫነጫል። ይቁነጠነጣል። እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከሁሉም የከፉ ናቸው። ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። አያችሁ፣ እነዚያን የከፉ ቀናት ብዙ ሰው የሚያሳልፋቸው እኛ ጋ ተኝቶ ነው። እኛ ደግሞ «ጠባዩ ነው» እንላለን። «በራሴ ፈቃድ ወጥቻለሁ» ብሎ ፈርሞ ከሚሄደው ታካሚ መሃል ስንቱ ሲጋራ ፍለጋ እንደወጣ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

የእኔ ሙግት እዚህ ላይ ነው። ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ሰው ማስታገሻ ሳንሰጥ «ዝም በል» አንለውም። ሲጋራ ላይ ግን ልክ እሱን ነው የምናደርገው። ግድግዳ ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» ብለን ለጠፍን፣ በቃ፣ ሥራችንን ጨረስን።

በእርግጥ ክልከላው ራሱ ልክ ነው፤ ማንም እንዳይሳሳትብኝ። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ውስጥ ክብሪት መጫር እብደት ነው። ኦክስጅን ራሱ አይነድም። ነገር ግን የሚነደውን ያባብሰዋል። ሌሊቱን ኦክስጅን ሲነፍስበት ያደረ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ደግሞ ትንሽ ፍንጣሪ ትበቃዋለች። በዚያ ላይ አጠገቡ የተኛው የአስም ታካሚ አለ።

በወረቀት ደረጃ አገራችን አትታማም። የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ጥርስ ያለው ሕግ ነው። ቤት ውስጥ ባለ የሥራና የሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስ ክልክል ነው። ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ውስጥም አይቻልም። ጤና ተቋም ሲሆን ግቢው በሙሉ የተከለከለ ነው። ላውንድሪው ጀርባም ጭምር ማለት ነው። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም፣ በፍሬ መሸጥም አይቻልም።

እስቲ አሁን ከሆስፒታሉ በር ውጡ። ሱቅ በደረቴው ማስቲካ፣ ሶፍትና ከረሜላ ደርድሯል። መሃል ላይ አፏ የተቀደደ ፓኮ አለች። አስታማሚው «አንድ ፍሬ» ይላል፣ ይከፍላል፣ ኪሱ ከትቶ ይገባል። ሻጩ ራሱ 21 መሙላቱን እጠራጠራለሁ። ልጁን አልፈርድበትም፤ እንጀራው ነው።

በር ላይ ፍተሻ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ግን የሌሊት ተረኛው ጥበቃ ራሱ ያጨሳል። «ለትንኝ ነው ሲስተር» ይለኛል እየሳቀ። የሐይቅ ዳር ከተማ ትንኝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በሲጋራ ጭስ ተባርሮ የሄደ ትንኝ እስካሁን አላየሁም። እንግዲህ ታካሚውን «አጥፋ!» እንዲል የምንጠብቀው ይህን ሰው ነው።

ጥበቃው ላይ ብቻ ምን አስጮኸኝ? ሐኪሞችም ነርሶችም አሉበት። ዲዩቲ አዳሪ ሆኖ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱን ታካሚ አጥቶ፣ ደረጃ ሥር ወርዶ የሚያጨስ ባልደረባ አለን። ይገባኛል። ግን ማለዳ ራውንድ ላይ ማዳመጫውን ታካሚው ደረት ላይ ሲያደርግ ኮቱ ይሸታል። ታካሚ ደግሞ ሞኝ አይደለም። «ዶክተሩስ ያጨስ የለ!» የምትለዋን ያህል የሚከብደኝ መልስ የለም።

ይህን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚፈታ የሚመስላቸው አለቆች አሉ። እኔ አልስማማም። ደብዳቤው የሚያደርገው አጫሹን ከደረጃ ሥር ወደ ጄኔሬተር ቤት ማዛወር ብቻ ነው። ሠራተኛው መጀመሪያ የሚታከምበት ቦታ ይፈልጋል። ስብሰባ ላይ «የምታጨሱ እጃችሁን አውጡ» ሳይባል፣ በዝምታ፣ እንደማንኛውም ታካሚ። ካርድ የሚያወጣበት፣ የሚያማክረው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ «እንዴት ሆንክ?» የሚለው ሰው።

ሐኪም ሲያቆም ምን እንደሚሆን የታወቀ ታሪክ አለ። ሪቻርድ ዶል የሚባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከብራድፎርድ ሂል ጋር ሆኖ የሳንባ ካንሰር ታካሚዎችን ለንደን ሆስፒታሎች ውስጥ ያጠና ነበር። በልቡ የጠረጠረው የመንገዱን አስፋልት ነበር። መረጃው ወደ ሲጋራ ሲያመለክት ጥናቱ ሳያልቅ እሱ ራሱ ማጨስ አቆመ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የአገሪቱን ሐኪሞች ስለ ራሳቸው ማጨስ በደብዳቤ ጠየቁ። 40,000 ገደማ መለሱ። እነዚያን ሐኪሞች ጥናቱ ለ50 ዓመት ተከታተላቸው። ሳያቋርጡ ያጨሱት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ነው የሞቱት።

ከዚያ ጥናት እኔ አልጋ አጠገብ የምጠቀምባት ሌላዋ ቁጥር ናት። በ60 ዓመቱ ያቆመ ሰው ሦስት ዓመት ገደማ አትርፏል። በ50 ያቆመ ስድስት። በ30 ያቆመ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉንም። «ካረጀሁ በኋላ ምን ሊፈይድልኝ?» ለሚሉኝ አባቶች ይህችን ነው የምነግራቸው። ሦስት ዓመት የልጅ ልጅ ለመዳር ይበቃል።

መጠየቁ ራሱ ግን ቀላል አይደለም። እኛ አገር «ታጨሳለህ?» ክስ ነው። በተለይ ሚስቱና አማቱ ራስጌው ቆመው። ሴት ስትሆን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ «ኧረ በስመ አብ!» ነው መልሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከ100 ሰው 5 ያህል ነው። ከወንዶች 8፣ ከሴቶች 2 የማይሞላ። «ትንሽ ነው፣ የእኛ ችግር አይደለም» የሚል ሰው ይህን ቁጥር ይጠቅሳል። እሺ፣ ግን እነዚያ አምስቱ ሲታመሙ የሚመጡት የት ነው? እኛ ጋ!

ደግሞ አጠያየቁ ይወስነዋል። ከገጠር የመጡ አዛውንት «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ሲባሉ «አላጨስም» ይላሉ፤ አልዋሹም። ጋያ ነው የሚያጨሱት። ወጣቱ «አላጨስም» ይላል፤ በርጫ ላይ ሲሆን ግን ፓኮ ይጨርሳል። ስለዚህ እኔ አስታማሚ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ፣ የደም ግፊት እየለካሁ፣ እንደ ቀላል ነገር «ሲጋራም ይሁን ጋያ ወይም ሺሻ፣ መጨረሻ የያዙት መቼ ነበር?» እላለሁ። «መቼ» ስትሏቸው ይነግሯችኋል። «ወይ» ስትሏቸው ይክዳሉ።

አሁን ደግሞ ስለ ቡና። ይህቺን ነገር ነርስ ጓደኞቼ እንኳን አያውቋትም። ጭሱ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ እንዲያጠፋ ያደርጉታል። ኒኮቲኑ አይደለም፣ ጭሱ ነው። ሰውዬው ማጨስ ሲያቆም ጉበቱ ወደ ተለመደው ፍጥነቱ ይመለሳል። ያው የለመደውን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲጠጣ ግን ደሙ ውስጥ የሚቆየው ካፌይን እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱን ጣራ ሲያይ ያድራል። «ሲጋራ ማቆም አልተስማማኝም» ብሎ ተመልሶ ያጨሳል። ጥፋቱ የቡናው ነበር! ሲዳማ መሃል ተቀምጬ ቡና ተዉ አልልም፣ በድንጋይ ታስወግሩኛላችሁ። በግማሽ ቀንሱት ነው የምለው። አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ለአስም የሚሰጠው ቴዎፊሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎዛፒን። ታካሚው ማጨስ ካቆመ መጠኑን ማስተካከል የሐኪሙ ሥራ ነው። ማጨሱን ካልጠየቀ ግን በምን ያውቃል?

ቀዶ ጥገና ክፍል ላሉ ባልደረቦቼም አንዲት ነገር። ከኦፕሬሽን አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀድሞ ማጨስ ያቆመ ሰው ቁስሉ የተሻለ ይድናል፣ የሳንባ ጣጣውም ይቀንሳል። የእኛ ቀጠሮ ደግሞ መቼም አራት ሳምንት አያንስም። ሁሌ የምንማረርበት ወረፋ ለአንድ ጊዜ እንኳን ጥቅም ላይ ይዋል። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ አያጭሱ» ብሎ መጻፍ ምን ያስከፍላል?

መድኃኒቱስ? አለ። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲን አለ፣ በማስቲካ መልክም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ካስገባ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እኛ ፋርማሲ ግን የለም። የሌለበትን ምክንያት ስጠይቅ «ማን ይፈልገዋል? ያዘዘ ሐኪም የለም» ተባልኩ። ሐኪሙን ስጠይቅ «የሌለ ነገር እንዴት ልዘዝ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እስከዚያው በባዶ እጅ የሚደረግ ነገር አለ። አምሮቱ ሲነሳ ለደቂቃዎች ነው የሚቆየው፤ ካሳለፉት ይበርዳል። ውኃ ማጠጣት፣ ኮሪደር ለኮሪደር ማንሸራሸር፣ ወሬ መጀመር። አስታማሚውን ለብቻ ጠርቶ «አንድ ፍሬ እንኳን እንዳታመጣ» ማለት። ቀላል ይመስላል፣ ግን የተረኛ ነርስ ጊዜ ይበላል። ለ30 ታካሚ ሁለት ሆናችሁ ስታድሩ ኮሪደር የሚያንሸራሽር ማን ነው?

አሁን እኛ ክፍል የጀመርናት ነገር ትንሽ ናት። የሙቀትና የደም ግፊት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ፣ ጠርዙ ጋ፣ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርንና «ትምባሆ» ብለን ጻፍንባት። መጨረሻ የተጨሰው መቼ እንደሆነ ይሞላባታል። ማንም አላዘዘንም። ቁጥሩ ሲጠራቀም ፋርማሲው የመድኃኒት ግዢ ጥያቄ ሲያዘጋጅ ይዘን እንሄዳለን። አንዳንዱ ተረኛ ይሞላታል፣ አንዳንዱ ባዶ ይተዋታል። ከሁሉም በደንብ የምትሞላው ሌሊት ነው፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ያወራሁትን የሰማ ይገባዋል።

ሌላ ሆስፒታል የምትሠሩ፣ እናንተ ጋ እንዴት እንደምትጠይቁ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ያቆማችሁ ካላችሁም ላኩ፤ በተለይ ቡናውን ምን እንዳደረጋችሁት። ቻው፣ ደህና ሁኑ።