የምትነጥረዋን ኳስ እንደገና መሥራት
(ደብረ ብርሃን ውስጥ በተማሪዎች የኮምፒውተር ሥራ ትርኢት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎቻችን፤ በዚህ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

ዛሬ ልጆቻችን የሚያሳዩን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለች አንዲት ኳስ ነች። ቀይና ነጭ፣ እንደ ዳማ ገበታ የተከፋፈለች። ትዞራለች፣ ትነጥራለች፣ ግድግዳ ስትነካ ድም ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። «ይህንንማ ማንኛውም ስልክ ይሠራዋል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984፣ በእኛ 1976 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ስትታይ ግን ጉድ ተብሎላት ነበር። የታየችበት ማሽን አሚጋ የሚባል ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሟን የጻፉት ዴል ለክና አር ጄ ሚካል ናቸው።

እኔን የሚደንቀኝ ብልሃቱ ነው። አሚጋ እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ ሲወጣ ራሙ፣ ማለትም ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ 256 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። ታዲያ በዚህ አቅም ኳሷ እንዴት ዞረች? አልዞረችም! ሥዕሏ አንዴ ተሥሏል፣ ከዚያ አይነካም። የሚቀያየረው የቀለም ሰንጠረዡ ብቻ ነው፤ የትኛው የሥዕሉ ክፍል በምን ቀለም እንደሚታይ የሚወስነው ዝርዝር ማለት ነው። ቀይ የነበረው ነጭ ይሆናል፣ ነጩ ቀይ፣ ተራ በተራ። ዓይናችን ይህንን ሲያይ «ዞረች» ይላል። ወዲያና ወዲህ ስትሄድም እንደ አዲስ እየተሣለች አይደለም። ማሽኑ ሥዕሉን ማንበብ የሚጀምርበት ቦታ ነው የሚዛወረው። ዋናው ፕሮሰሰር ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ ነው ልጆቹን አንድ ነገር አጥብቄ የለመንኳቸው፤ በዛሬ ሶፍትዌር የተዘጋጀ ስሪዲ (ባለ ሦስት አውታር) ኳስ አታምጡ። ያ ቶሎ ያልቃል፣ የሚያስተምረውም ነገር የለም። በቀለም ሰንጠረዡ ሥሩ አልኳቸው። ሠሩት።

ድምፁስ? የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች የጋራዥ በር መትተው ነው የቀዱት። አሚጋ አራት የድምፅ መስመር አለው፣ ሁለቱ ለግራ፣ ሁለቱ ለቀኝ። ኳሷ የግራውን ግድግዳ ስትመታ ድምፁ ከግራ ይመጣል። ልጆቻችን ያንን ድምፅ ከኢንተርኔት ማውረድ ይችሉ ነበር። አላወረዱም። ሰፈር ውስጥ ባለቤቱን አስፈቅደው የቆርቆሮ በር በቡጢ እየመቱ በስልክ ቀዱ። የቆርቆሮ በር መጀመሪያ ድም ይላል፣ ከዚያ ይንቀጫቀጫል። መንቀጫቀጩን ቆርጠው ጣሉት። ድሙን ቀስ አድርገው ሲያጫውቱት ወፈረ። በመጨረሻ የድምፁን ጥራት እንደ አሚጋው ወደ 8 ቢት አወረዱት፣ ትንሽ ሻከር አለ። የዚያ ዘመን ድምፅ ያ ሻካራነቱ ነው፤ ስትሰሙ ልብ በሉልኝ።

«ማሽኑ እኛ ቤት አልነበረ፣ የማንን ትዝታ ነው የምንሠራው?» ብሎ የጠየቀኝ ወዳጅ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፈረንጆቹ ኳሷን ሲያዩ የልጅነት ሳሎናቸው ትዝ ይላቸዋል። የብዙዎቻችን ትዝታ ግን ሬዲዮና ካሴት ነው። ቢሆንም ብልሃቱን ለማወቅ የግድ ትዝታው ሊኖረን አይገባም። እነዚህ ልጆች እያንዳንዱን መስመር ማስረዳት ይችላሉ። ጠይቋቸው፣ አታፍሩ።

ወላጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። ለሚቀጥለው ሥራ ድምፅ እየሰበሰብን ነው። ሙቀጫ፣ ከበሮ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር፣ ያላችሁን ልጆቹ መጥተው እንዲቀዱ ፍቀዱላቸው። ከመንዝም ከአንኮበርም ዘመድ ያላችሁ አገናኙን። ኮዱ ፍላሽ ላይ አለ፣ የፈለገ ተማሪ ይገልብጥ። አሁን መድረኩን ለልጆቹ ለቅቄያለሁ።