እትዬ ብርቄን የት ላድርጋቸው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። የብየዳ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ጎረቤት ነው፤ ቅዳሜም አያርፉም።

ብዙዎቻችሁ እንደሰማችሁት የተከታታይ ልቦለዴ ሦስተኛውና የመጨረሻው መጽሐፍ አልቋል። ማተሚያ ቤት ገብቷል። የእንኳን ደስ አለሽ መልእክት ሲጎርፍልኝ ሰንብቷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከመካከላቸው ግን አንዲት አድማጭ የጠየቀችኝ ነገር አላስተኛኝም። «አሁን ሰዎቹ አይናፍቁሽም?» ትላለች።

ይናፍቁኛል። ግን የሚናፍቀኝ እናንተ የምታስቡት ሰው አይደለም።

ዋናዋን ገጸ ባሕርይ፣ ሰናይትን፣ በሰላም ሸኝቻታለሁ። ሦስት መጽሐፍ ሙሉ የፈለገችውን አገኘች፤ ወይም አጣች። ገና ስላላነበባችሁት አልናገርም። ብቻ ታሪኳ ሞላ፣ ከእሷ ጋር ሒሳብ ዘግተናል። አልወጣ ያሉኝ እትዬ ብርቄ ናቸው።

ለአዲስ አድማጮች ልንገራችሁ። እትዬ ብርቄ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አንድ ግቢ በር ላይ ከሰል የሚቸረችሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ያስገባኋቸው ለአንድ ትዕይንት ነበር። ሰናይት ከሥራ ስትመለስ «አመሸሽ» የሚላት ሰው ፈለግኩ፣ በቃ። እሳቸው ግን «አመሸሽ» ብለው ዝም አላሉም። «መሥሪያ ቤትሽ ሰዓት የለውም? ወይስ ሰዓቱም እንደ ደመወዝሽ ቆሟል?» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያስወጣቸዋል?

እስካሁን የገባኝ ይሄ ነው። ሰናይት ታሪክ አላት፣ ታሪክ ደግሞ ያልቃል። እትዬ ብርቄ ታሪክ የላቸውም። ያላቸው አፍ ነው። አፍ በምን ያልቃል?

በቀደም ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ይዣለሁ። ረዳቱ ለአንዲት እናት መልስ ሰጣቸው። ካገላበጡት በኋላ ለብርሃን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። አሥር ብር ነው፤ መሐሉ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። «ልጄ፣ ይሄ ብር ከሆስፒታል መቼ ወጣ?» አሉት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ፤ ብሩን ግን አልቀየረም። እኔ እየሳቅኩ ስልኬን አውጥቼ ማስታወሻው ላይ ጻፍኩት፤ ፊት ለፊቱ «እ.ብ.» አልኩበት። እትዬ ብርቄ ማለት ነው። እጄ ለምዶታል። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ስመልስ ነው የመጣልኝ፤ የሚገባበት ምዕራፍ የለም። መጽሐፉ አልቋል፣ ሴትዮዋ ግን ዕቃ መረከባቸውን አላቆሙም።

እንዲህ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ነው። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ያን ሁሉ መጽሐፍ የቆለለው ማለዳ እየተነሳ ነው። ባርሴትሻየር ስለተባለ የፈጠራ አውራጃ ስድስት ልቦለድ ጽፏል። እዚያ ውስጥ ሚስስ ፕራውዲ የምትባል የጳጳስ ሚስት አለች። በአንግሊካኖች ዘንድ ጳጳስ ያገባል፣ እንዳትደነግጡ። ጳጳሱ ባልየው ነው፣ አዛዧ ግን እሷ ናት።

አንድ ቀን ትሮሎፕ ለንደን ውስጥ አንድ ክለብ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። አጠገቡ ሁለት ቀሳውስት ሥራውን ያሙታል። ያንኑ ሰው እየደጋገመ ያመጣብናል፣ ያቺን ሴትዮማ ጠገብናት ይላሉ። ተነሣና «የምታሙት እኔ ነኝ፤ ቤቴ ገብቼ ሳምንት ሳይሞላ እገድላታለሁ» አላቸው። አደረገውም። እንደ ፈረንጆቹ በ1867 በወጣው የተከታታዩ መጨረሻ ላይ ሚስስ ፕራውዲ ሞተች። አሟሟቷን እዩልኝ፤ ቆማ ነው የሞተችው፣ ክንዷ የአልጋውን ቋሚ እንዳቀፈ። ሞታም አልወደቀችለትም።

የኔ ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ግለ ታሪኩ ላይ እሷን መግደሉ አንዳንዴ እንደሚቆጨው ጽፏል። ከእሷ እንዳልተለያየና አሁንም ከመንፈሷ ጋር አብሮ እንደሚኖር ይናገራል። ልብ በሉ፣ ይህን ያለው ስለ ጀግና አይደለም። ስለ ነገረኛዋ ሴትዮ ነው። ይሄን ሳነብ አንድ ወንድም ያገኘሁ መሰለኝ።

የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊዋ አጋታ ክሪስቲ የተሻለ ብልጠት ነበራት። የፈጠረችውን መርማሪ፣ የፖይሮን፣ መጨረሻ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጽፋ ቆለፈችበት። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሠላሳ ዓመት ያህል ስለ እሱ መጻፏን ቀጠለች። ሞቱ የታተመው በ1975 ነው፤ ኒው ዮርክ ታይምስ የፖይሮን ዜና ዕረፍት የፊት ገጹ ላይ አወጣው። እሷም ብዙ ወራት ሳትቆይ፣ በ1976 መጀመሪያ አረፈች። ቀድሞ መቅበር፣ ከዚያ ከሟቹ ጋር በሰላም መኖር! እቀናባታለሁ። ግን እሷ ሰውዬው ሰልችቷት ነበር። እኔ አልሰለቸኝም፣ ችግሩ እሱ ነው።

ከእኛዎቹ ሐዲስ ዓለማየሁ በሩን ጥርቅም አድርገው ዘግተውታል። ፍቅረኞቹን መቃብር ድረስ ሸኟቸው፣ ርእሱም ላይ አስቀድመው ነግረውናል። ክፍል ሁለት ብሎ የሚጠይቅ ደፋር ካለ ይሞክር።

የኔን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። መጻፍ ስጀምር ዶሮ ማነቂያ ነበረ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። ሰዉ ለሚ ኩራ ገባ፣ ገላን ጉራ ገባ፣ ተበተነ። እዚያ ያደጉ አንባቢዎች «አሁን ሠፈራችን ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው» ብለው ይጽፉልኛል። ደስ ይላል። ግን ይከብዳል፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። እኔ ልቦለድ ነው የጻፍኩት፣ አንዳንዱን በር ካለበት አንስቼ ሌላ ቦታ ገጥሜዋለሁ። ለሠፈር ማስታወሻነት የታመንኩ ሰው አይደለሁም። ሆኖም የመጨረሻውን ምዕራፍ ስጽፍ የግቢውን በር መዝጋት አቃተኝ። አርታኢዬ «እትዬ ብርቄ መጨረሻ ላይ የት ደረሱ?» ሲለኝ ነበር። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አወጣኋቸው። ከሰል የሚገዛቸው የለም። ደረጃው ላይ ተቀምጠው የሚወጣ የሚወርደውን ይቆጣጠራሉ። እዚያው ተውኳቸው።

አዲስ ልቦለድ ጀምሬያለሁ። አንድ ዘበኛ አለበት፣ የባንክ ጥበቃ ነው። ያንን የታክሲውን አባባል ለእሱ ሰጠሁት። አነበብኩት። ዘበኛው ክላሹን ይዞ በእትዬ ብርቄ አፍ ያወራል! ሰረዝኩት። ከዚያ ሁለት ገጽ ሙሉ ዝም አስባልኩት። አሁን ትንሽ ትንሽ የራሱ ድምፅ እየመጣለት ነው፤ ሲናገር ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ወድጄዋለሁ።

አራተኛ መጽሐፍ ለምትጠይቁኝ፣ የለም። «ታዲያ እትዬ ብርቄን ብቻቸውን መጽሐፍ አውጪላቸው» ላላችሁም አስቤበታለሁ። የራሳቸውን መጽሐፍ ከሰጠኋቸው ግን ታሪክ ልሰጣቸው ነው። ታሪክ ከሰጠኋቸው መጨረሻም ልሰጣቸው ነው። እሱን አላደርገውም። ስልኬ ላይ ያለውን «እ.ብ.» ግን አላጠፋሁትም፤ ትናንትም አንድ መስመር ገብቶበታል።

በሚቀጥለው የወረቀት ዋጋ መጽሐፋችንን ምን እያደረገው እንደሆነ እናወራለን። እንግዳም አለኝ። ደህና ሰንብቱልኝ።