ጨለማውን ለዳኛው እንተውለት፤ በዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የባሕር ውጊያዎችን በትንንሽ የመርከብ ሞዴሎች ጠረጴዛ ላይ የምንጫወት የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከአንኮበርና ከመንዝ ብርዱን ተቋቁማችሁ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠን ስለ ባሕር ዳርቻ ውጊያ ስንከራከር የሰማ ሰው ፈገግ ቢል አንቀየምም፤ ባሕራችንም ቢሆን ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ጥቁር የመንዝ ዝተት ነው። ለሌሊት ውጊያ ተስማምቶናል፤ ጸጉሩ ግን ትንንሾቹን ጀልባዎች እየገለበጠ ስላስቸገረን ዘንድሮ ከሥራቸው ስስ ካርቶን ለጥፈንላቸዋል።

ከሰዓት በኋላ የምንጫወተው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ምጽዋ ልትያዝ በተቃረበችበት ሰዓት፣ ማስ 213 የተባለችው የጣሊያን ቶርፒዶ ጀልባ (ቶርፒዶ በውኃ ውስጥ ተጉዞ መርከብ የሚመታ ፈንጂ ነው) የእንግሊዙን ክሩዘር፣ ማለትም ትልቅ የጦር መርከብ፣ ኬፕታውንን የመታችበትን ግጥሚያ ነው። ክሩዘሩ 137 ሜትር ያህል ርዝመት ስለነበረው በአንድ ሰባት መቶኛ መጠን የተሠራው ሞዴላችን 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ጀልባዋ ግን ከሁለት ሴንቲ ሜትር ብዙም አትበልጥም። ኬፕታውን ተጎድቶ እየተጎተተ ፖርት ሱዳን ገባ እንጂ አልሰጠመም፤ ስለዚህ ጀልባዋን የሚይዝ ተጫዋች አንዴ በመምታቱ ብቻ ድል አድርጌአለሁ እንዳይል ከወዲሁ አሳስባለሁ።

አምና ሳንቋጨው የተለያየነው ክርክር፣ ጀልባዎቹ ከመጀመሪያው ጠረጴዛው ላይ ይታዩ ወይስ ዳኛው ያሉበትን ቦታ ከባላጋራው ደብቆ በወረቀት ይያዛቸው የሚለው ነበር። የእኔ አቋም በወረቀት ይያዙ የሚል ነው። የቶርፒዶ ጀልባ የብረት ጥሩር የላትም፤ መከታዋ ጨለማው ነው፤ በፍጥነት ከሄደችም የሞተሯ ድምፅና ከኋላዋ የሚነሣው ነጭ አረፋ ያጋልጧታል፤ ስለዚህ ሠራተኞቿ ቀስ ብለው ተጠግተው ቶርፒዷቸውን ከለቀቁ በኋላ ነው በሙሉ ኃይል የሚያመልጡት። ክሩዘሩን የያዘው ሰው ጀልባዋን ዝተቱ ላይ ቁጭ ብላ ካያት፣ የመርከቡ አዛዥ በዚያ ሌሊት ሊያውቅ የማይችለውን አውቆ ይጫወታል። ይህ አሠራር ዳኛውን እንደሚያደክም አልክድም፤ እኔው ራሴ አምና ስዳኝ የሁለት ጀልባ ወረቀት አምታትቼ አንዲቱን ደሴት ላይ አውጥቻታለሁ።

ቶርፒዶውም እንደዚሁ ነው። በ40 ኖት (በሰዓት 40 የባሕር ማይል) የሚሄድ ቶርፒዶ በአንድ ደቂቃ 1,200 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በዚያችው ደቂቃ በ20 ኖት የሚሄድ መርከብ ከ600 ሜትር በላይ ከቦታው ይርቃል። ተኳሹ የሚያነጣጥረው መርከቡ አሁን ካለበት ላይ ሳይሆን ወደፊት ይደርስበታል ብሎ ከገመተው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ አቅጣጫው መርከቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት ይጻፍ፤ መምታት አለመምታቱን የሚወስነው ዳዶ የሚጣለው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ሁለቱም ሐሳቦች ከምሳ በፊት ለድምፅ ይቀርባሉ። ጉባኤው መከፈቱን በአክብሮት እገልጻለሁ።